ልጅ የከለከለን መርፌው ነው ወይስ የባለቤቴ ጫት?

ከአዳማ የተላከልኝ ጥያቄ ረዘም ያለ ስለሆነ አሳጥሬ ላስቀምጠው። «የ32 ዓመት መምህርት ነኝ። ባለቤቴ 39 ዓመቱ ነው፤ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል። ከተጋባን ሦስት ዓመት ሆነን። የመጀመሪያውን ዓመት የሦስት ወር መርፌ እወጋ ነበር፤ ካቆምኩ 20 ወር አለፈኝ፣ እስካሁን ግን አላረገዝኩም። የወር አበባዬ በ32፣ በ33 ቀን ይመጣል። ቁመቴ 1 ሜትር ከ58፣ ክብደቴ 79 ኪሎ ነው። ቤታችን ቡና በቀን ሦስቴ ይፈላል፤ አጽዋማትንም እጾማለሁ። እሱ መንገድ ላይ ይቅማል፣ ሲቅም ያጨሳል፣ ማታ ደግሞ ለጨብሲ ቢራ አይቀርም። በሁለት ሳምንት አንዴ መጥቶ ሦስት ቀን ያድራል። አማቴ ‹መርፌው ማህፀንሽን አድርቆት ነው› ይላሉ። ‹እንመርመር› ስለው ደግሞ ከእኔ በፊት የወለዳት የ10 ዓመት ልጅ ስላለችው ‹የእኔ ጤና የታወቀ ነው› ይለኛል። አኗኗራችን ይሆን? ምን እናስተካክል?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ መርፌውን ነፃ ላውጣው። የሦስት ወር መርፌ ማህፀን አያደርቅም። ሥራው እንቁላል እንዳይወጣ ማገድ ነው። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው ቀስ እያለ ስለሆነ ካቆሙት በኋላ እርግዝናው ይዘገያል፤ ከመጨረሻው መርፌ እስከ እርግዝና በአማካይ ወደ 10 ወር ይወስዳል። እንክብሉና በክንድ የሚቀበረው ግን እንዲህ አያዘገዩም። እርስዎ ካቆሙ 20 ወር ሆኖዎታል፣ አበባዎም ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ስለዚህ አሁን ለዘገየው ነገር መርፌውን ተጠያቂ የምናደርግበት ምክንያት የለም። ለአማትዎ «ሐኪም እንዲህ አለኝ» ብለው ቢነግሯቸው ደስ ይለኛል፤ ይህ ወሬ ብዙ ትዳር ሲያውክ አያለሁ።

የባለቤትዎ ልጅ ጉዳይም እንደዚሁ ነው። የ10 ዓመት ልጅ መኖሯ የሚመሰክረው ከ11 ዓመት በፊት ስለነበረው ዘሩ ነው። ሴት እንቁላሎቿን ይዛ ትወለዳለች፤ ወንድ ግን ዘሩን በየቀኑ አዲስ ይሠራል። አንድ የዘር ሕዋስ ተሠርቶ ለመጨረስ 74 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ በስሎ እስኪወጣ ያለው ጊዜ ሲጨመር ሦስት ወር ይጠጋል። ዛሬ ቢመረመር የሚታየው ባለፉት ሦስት ወራት የበላው፣ ያጨሰው፣ የታመመው፣ የነዳው ሁሉ ድምር ውጤት ነው። ይህ ለእናንተ መጥፎ ዜና አይደለም፤ ዛሬ የሚተወው ነገር በሦስት ወር ውስጥ በአዲሱ ዘር ላይ ሊታይ ይችላል ማለት ነውና። ልጅ ለመውለድ ከሚቸገሩ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ውስጥ የወንዱ ድርሻ አለበት፤ ብቻውን ሆኖ ወይም ከሴቷ ችግር ጋር ተደርቦ። እኛ አገር ግን ሴቷ ሦስትና አራት ሐኪም ዘንድ ተመላልሳ፣ ራጅ ተነስታ፣ ጠበል ገብታ፣ ባል አንድ ጠብታ ሳይመረመር ዓመታት ያልፋሉ። በዚህ ጉዳይ ላይ ለስላሳ ቃል የለኝም።

አሁን ወደ አኗኗሩ። ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ወደ ጫቱና ወደ ሲጋራው ነው፤ እኔን ግን ደብዳቤዎን ሳነብ ቀድሞ ያቆመኝ «በሁለት ሳምንት አንዴ መጥቶ ሦስት ቀን ያድራል» የሚለው ነው። እንቁላል ከወጣች በኋላ የምትቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ነው። የወንድ ዘር በሴት ማህፀንና ቱቦ ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። በአንድ ወር ውስጥ ማርገዝ የሚቻልባቸው ቀናት እንግዲህ ስድስት ያህል ናቸው፤ እንቁላል የምትወጣበት ቀንና ከዚያ በፊት ያሉት አምስቱ። እንቁላል የምትወጣው ቀጣዩ የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ገደማ ቀደም ብላ ስለሆነ፣ በ32ና በ33 ቀን ለሚመጣብዎ ለእርስዎ ይህ 18ኛው ወይም 19ኛው ቀን አካባቢ ይውላል፤ መቁጠር የሚጀመረው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ነው። የእርስዎ ቀኖች እንግዲህ ከ13ኛው እስከ 19ኛው ናቸው። ብዙ ሰው የሚያውቀው «14ኛው ቀን» የ28 ቀን ዑደት ላላት ሴት የሚሠራ ነው፤ በእሱ ብትመሩ አብዛኛውን ጊዜ ትቀድማላችሁ።

እሱ በ14 ቀን አንዴ ለሦስት ሌሊት የሚመጣ ከሆነ፣ ከ20ዎቹ ወራት በትክክለኛው ቀን አብራችሁ የነበራችሁት ምናልባት በግማሹ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ጾም አለ። በጾም ወቅት ከመኝታም የምትታቀቡ ከሆነ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ የነቢያት፣ የሐዋርያት፣ የፍልሰታ፣ ረቡዕና ዓርብ ሲደመሩ የዓመቱ ግማሽ ገደማ ይሆናል። ከሚመጣባቸው ጥቂት ቀናት ላይ ይህ ሲቀነስ ምን እንደሚተርፍ ራስዎ ያስሉት። ጾሙን ይተዉ የማለት ሥልጣን የለኝም፣ አልልምም፤ ለንስሐ አባትዎ ግን ነገሩን እንደ ሁኔታው ያስረዷቸው፤ ልጅ ፈልገው ለተቸገሩ ባለትዳሮች ምን እንደሚፈቅዱ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያው «መድኃኒት» የጉዞ ቀጠሮ ነው። ባለቤትዎ ከስምሪት ክፍሉ ጋር ተነጋግሮ ከሁለቱ የወሩ ምልልሶች አንዱን ከ13ኛው እስከ 19ኛው ቀን ባለው ሳምንት ቤት እንዲሆን ያመቻች። ሲመጣ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ተገናኙ። «ዘር ይጠራቀም» ብሎ መቆየት ጥቅም የለውም፤ ሁለት ሳምንት ተጠራቅሞ የቆየ ዘር ቁጥሩ ቢበዛም የመንቀሳቀስ አቅሙ ይደክማል፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ብቻ ሳይሆን በነጋታው ያለውም ዋጋ አለው። እንቁላል ሊወጣ ሲል ከማህፀን በር የሚመጣው ፈሳሽ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጩ የሚሳብ፣ የጠራ ይሆናል፤ ያንን ያዩበት ቀን ከየትኛውም የስልክ መተግበሪያ ይበልጥ ታማኝ ነው። ከግንኙነት በኋላ እግር ወደ ላይ ሰቅሎ መተኛት፣ በዚህ ጎን በዚያ ጎን መሆን፣ እነዚህ ምንም አይጨምሩም። ማለስለሻ ቅባት ግን ተዉ፤ ብዙዎቹ፣ ምራቅም ጭምር፣ የዘርን እንቅስቃሴ ይጎዳሉ።

የሹፌር ሥራ ሌላም መዘዝ አለው። የወንድ ዘር ፍሬ ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በደንብ የሚሠራው ከሰውነት ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በመኪና ነጂዎች ላይ በተደረገ ልኬት ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀምጠው ሲነዱ የዚያ አካባቢ ሙቀት ወደ 2 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ያ እንግዲህ የፈረንሳይ አየር ነው። ከአዋሽ ወዲያ ሚሌን አልፎ እስከ ጋላፊ ያለውን ሙቀት፣ ከሞተሩ ላይ ከሚመጣው ግለት ጋር ሲደምሩት የባለቤትዎ ነገር ይገባዎታል። ሥራውን እንዲተው አልመክርም። በየሁለት ሰዓቱ ወርዶ አሥር ደቂቃ ይራመድ፤ ሰፋ ያለ ሱሪና የውስጥ ሱሪ ይልበስ። በ2018 እ.ኤ.አ. ከ650 በላይ ወንዶች የተካተቱበት የአሜሪካ ጥናት ሰፊ የውስጥ ሱሪ የሚለብሱት የዘር ክምችት ጥብቅ ከሚለብሱት በ25 በመቶ ገደማ በልጦ ተገኝቷል። ጥናቱ ሱሪ መቀየር ያስረግዛል አላለም፤ ግን የማያስወጣ፣ የማይጎዳ ነገር ነውና ለምን ይቀራል?

አፋር በረሃ ላይ ወባም አለ። ከባድ ትኩሳት የዘርን ቁጥር ለሁለትና ለሦስት ወር ያወርዳል። በቅርቡ ታሞ ከነበረ ለመርማሪው ይንገር፤ ሌሊት አጎበር ውስጥ ይተኛ።

ጫቱን በተመለከተ እውነቱን በልኩ ልንገርዎ። በዘወትር ቃሚዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች የዘር ቁጥር መቀነስ፣ የእንቅስቃሴ መድከምና የቅርጽ መበላሸት አሳይተዋል፤ ጥናቶቹ ግን ትንንሽ ናቸው፣ ቃሚዎቹም አብዛኞቹ አጫሾች ስለሆኑ የጫቱን ጉዳት ከሲጋራው ነጥሎ ማየት ያስቸግራል። እኔ ብቻውን አልፈራውም፤ የሚያስፈራኝ የሚያስከትለው ሰልፍ ነው። ከጫቱ ጋር ሲጋራ ይመጣል፣ ምርቃናው እንቅልፍ ይነሳል፣ ምግብ ይዘጋል፣ ምርቃናውን ለመስበር ቢራው ወይም አረቄው ይከተላል። ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ፍላጎት ይጠፋል ወይም ብልት አልታዘዝ ይላል፤ ይህን ሚስቶች ለሐኪም የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው።

ከዚህ ሰልፍ ውስጥ ማስረጃው የጠነከረበት ሲጋራው ነው። በወንድ የዘርን ቁጥርና እንቅስቃሴ ይቀንሳል፣ የዘር ሕዋሱ የያዘውን የውርስ ቅመም (ዲኤንኤ) ያቆስላል። በሴት ደግሞ እንቁላልን ቶሎ ያስጨርሳል፤ የሚያጨሱ ሴቶች የወር አበባቸው ከሌሎች ከ1 እስከ 4 ዓመት ቀድሞ ይቋረጣል። እርስዎ ባያጨሱም እሱ ሳሎን ተቀምጦ የሚያጨሰው ለእርስዎም ይተርፋል። ሺሻም «ውኃው ያጣራዋል» የሚባለው ከንቱ ነው። አልኮልም በየዕለቱና በብዛት ሲሆን ወንዴ ሆርሞኑን ያወርዳል።

እንግዲህ አንዱን ብቻ መተው ቢችል ሲጋራውን ይተው እላለሁ። ጫቱን ለማቆም ከወሰነ ደግሞ ቤት ባለበት የእረፍት ቀን ይጀምር። መጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ከባድ እንቅልፍና ድብርት ይመጣል፤ ያንን ይዞ ሌሊት ተሳቢ መንዳት የሰው ሕይወት ያስከፍላል።

አንድ ነገር ላክል፣ ባይጠይቁኝም። አንዳንድ ወንዶች ጉልበት ሲያንሳቸው ወይም ጡንቻ ለመገንባት ቴስቶስትሮን መርፌ ይወጋሉ፤ «ወንዴ ሆርሞን ነው፣ ለዘርም ይበጃል» ብለው። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ከውጭ ሆርሞን ሲገባ አንጎል ለዘር ፍሬው የሚልከውን ትእዛዝ ያቆማል፣ ዘርም እስከ ዜሮ ሊወርድ ይችላል። ካቆሙት በኋላ ለመመለስ ስድስት ወር፣ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ባለቤትዎ እንዲህ ያለ ነገር ሞክሮ እንደሆነ ያለ ቁጣ ይጠይቁት።

ወደ እርስዎ ልምጣ። ቡናው ከተጠርጣሪዎች ሁሉ ደካማው ነው። ለማርገዝ ለምትሞክር ሴት በቀን እስከ 200 ሚሊግራም ካፌይን ችግር የለውም ይባላል። ሲኒው ትንሽ ቢሆንም በቀን ሦስት ጊዜ ተፈልቶ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ከተጠጣ ግን ዘጠኝ ሲኒ ነው፣ ያ ይበዛል። ሦስቱን ወደ አንድ ያውርዱት፤ ከምግብ ጋርም አያጣብቁት፣ ከእህሉ የሚገኘውን ብረት ያስቀራልና።

ክብደቱ ከቡናው ይከብዳል። በነገሩኝ ቁመትና ኪሎ ክብደት ከቁመት አንጻር የሚታይበት ልኬትዎ (ቢኤምአይ) 31.6 ነው፤ ከ30 በላይ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። አበባዎ በወቅቱ መምጣቱ እንቁላል እየወጣ ሊሆን እንደሚችል ጥሩ ምልክት ነው፤ ቢሆንም በዚህ ክብደት እርግዝና እንደሚዘገይ፣ ከተረገዘም በኋላ ስኳርና ደም ግፊት እንደሚበዛ እናውቃለን። ከ79 ኪሎው ከ5 እስከ 10 በመቶ ይቀንሱ፤ ያ ማለት ከ4 እስከ 8 ኪሎ ነው። ከዚያ በላይ አልጠይቅም። እንዳይራቡ፤ ራስን ማስራብም እንቁላልን ያቆማል። ጾም ላይ ያለው ክፉ ነገር ሽሮውና ምስሩ ውስጥ የሚፈሰው ዘይት፣ በስኳር የሚጠጣው ሻይና ዳቦው ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከባጃጅ ወርደው በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለው ይራመዱ።

ጾም ራሱ አያመክንም። የሚጎድለው ቢ12 ነው፤ እሱ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ስለሆነ በፍስክ ቀናት በደንብ ይብሉ፣ ደምዎንም ይታዩ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ፎሊክ አሲድ ዛሬውኑ ይጀምሩ። የጽንሱ አከርካሪና አንጎል የሚሆነው ቱቦ የሚዘጋው ገና በ28 ቀኑ፣ ብዙዋ ሴት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ ነው፤ ከተረገዘ በኋላ የተጀመረ ክኒን ለዚህ አይደርስም። በአገራችን ይህ ቱቦ በደንብ ሳይዘጋ የሚወለዱ ሕፃናት ብዙ ናቸው። የተለመደው መጠን በቀን 400 ማይክሮግራም ነው፤ በክብደትዎ ምክንያት ሐኪምዎ ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ውስጥን በሳሙና ወይም በቅጠል ማጠብ ካለ ያቁሙ፣ ጤነኛውን ባክቴሪያ አጥቦ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። «ማህፀን ይከፍታል» ተብሎ የሚጠጣ ሥር ሁሉ ይቅር፤ ምን እንዳለበት አናውቅም፣ ጉበትንም ሊጎዳ ይችላል። ጠበሉን መጠመቅ ከምርመራው ጋር አይጣላም።

እስካሁን የዘረዘርኩት ሁሉ ቢስተካከል እንኳ የተዘጋ ቱቦ አይከፍትም። ይህን በደንብ ይያዙልኝ። ክላሚዲያና ጨብጥ ብዙ ጊዜ ያለ ምንም ሕመም መጥተው የማህፀን ቱቦን ጠባሳ ያደርጉታል፤ የማህፀን ቲቢም በእኛ አገር የሚረሳ አይደለም። በአፍሪካ ሴቶች ላይ ከመካንነት ምክንያቶች ከፊት የሚሰለፈው ይህ የቱቦ ጉዳት ነው። ስለዚህ ሁለታችሁም የአባላዘር ምርመራ አድርጉ። ጣት ለመቀሳሰር አይደለም፤ ኢንፌክሽኑ ከጋብቻችሁ በፊት ከየትኛችሁም ሊመጣ ይችላል፣ አንዳችሁ ብቻ ታክማችሁም አይጠፋም።

መደበኛው መስፈርት ሴቷ ከ35 ዓመት በታች ከሆነች ዓመት፣ ከዚያ በላይ ከሆነች ስድስት ወር ሞክሮ ካልተሳካ መመርመር ነው። እናንተ 20 ወር ሞልታችኋል። ቀናቱ ስላልገጠሙ እውነተኛው ሙከራ ከዚያ ያንስ ይሆናል፤ ሆኖም «መጀመሪያ ሲጋራውን ይተው፣ እኔም ልክሳ፣ ከዚያ እንሄዳለን» በሚለው ሐሳብ አልስማማም። ልማዱም ይስተካከል፣ ምርመራውም በዚሁ ሦስት ወር ውስጥ ይሠራ። ዕድሜ አብሮ ይሄዳል፤ ከ35 በኋላ የሴት ዕድል በፍጥነት ይወርዳል፣ ያንን የሚመልስ ምግብም ስፖርትም የለም።

ለእርስዎ አልትራሳውንድ፣ የታይሮይድና የፕሮላክቲን ሆርሞን፣ እንቁላል መውጣቱን የሚያሳይ የፕሮጄስትሮን ምርመራ ያስፈልጋል። ይህ የመጨረሻው በብዙ ቦታ «በ21ኛው ቀን» ተብሎ ይታዘዛል፤ ለእርስዎ ግን 25ኛው ወይም 26ኛው ቀን ነው፣ ከሚቀጥለው አበባ ሳምንት ቀደም ብሎ። ይህን ለሐኪሙ ያስታውሱት፤ ያለ ቀኑ ተሠርቶ «እንቁላል አይወጣም» ተብለው ክኒን እንዳይጀመርልዎት። የቱቦው ራጅ የባለቤትዎ ውጤት ከታየ በኋላ ይሁን። የእሱ ዘር በጣም አንሶ ከተገኘ ወይም ቱቦዎቹ ተዘግተው ከሆነ ወደ አዲስ አበባ ይላካሉ፤ ከመንግሥት ተቋማት ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው።

የእሱ ምርመራ ከሁሉም ይቀላል፣ ይረክሳልም። ሲነግሩት «አንተ ታመሃል» ሳይሆን «ሐኪሙ የእኔን ከመጀመሩ በፊት የሁለታችንንም አብሮ ይጠይቃል» ይበሉት፤ እውነቱም ይኸው ነው። ናሙናው የሚሰጠው ከግንኙነት ከ2 እስከ 7 ቀን ታቅቦ ነው። እሱ ደግሞ ሁለት ሳምንት ርቆ ስለሚመጣ በደረሰበት ጠዋት ቢሰጥ ውጤቱ ያሳስታል። ማታ ሲገባ ተገናኙ፣ ከዚያ ሁለት ሙሉ ቀን ይታቀብ፣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከመውጣቱ በፊት ላቦራቶሪ ይሂድ። ይህ ጉዞ ከ13ኛው እስከ 19ኛው ቀን ካለው ሳምንት ውጭ ይሁን፣ መታቀቡ ዕድል እንዳያባክንባችሁ። ናሙናው እዚያው ቢሰጥ ይሻላል፤ ቤት ከሆነ በላቦራቶሪው ዕቃ፣ ተራ ኮንዶም ሳይጠቀሙ፣ ወደ ሰውነት ተጠግቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይድረስ። የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያ ዝቅተኛ ልክ ብሎ ያስቀመጠው በአንድ ሚሊሊትር 16 ሚሊዮን ዘርና 42 በመቶ የሚንቀሳቀስ ነው። ከዚያ በታች ቢመጣ በአንድ ወረቀት አትደንግጡ፤ ሲጋራውን ትቶ፣ ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ላቦራቶሪ ይድገመው፣ ሁለቱንም ወረቀት ይዛችሁ አብራችሁ ወደ ሐኪም ግቡ።